የዳኘው ግንብ

ዳኘው ተቆጥቶ ነው የተወለደው ይላሉ የሚያውቁት። አዋላጇ መታ ስታደርገው ከማልቀስ ይልቅ «ማነሽ አንቺ?» ብሎ አፈጠጠባት ይባላል። ይሄ እንኳ ትንሽ ሳይጋነን አይቀርም። በ2014 ሰመር፣ አትላንታ አጠገብ ስኮትዴል ባለችው የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን የሆነው ግን አልተጋነነም፤ ከተቀነሰለት እንጂ።

የልጆች አገልግሎት ኃላፊዋ እህት ፍቅርተ አንድ እሑድ ፓርኪንጉ ላይ ያዘችው።

«የሚካኤላ አባት፣ አንተ እጅህ ሥራ ያውቃል። ለልጆቹ ድራማ አንድ ግንብ ብትሠራልን? የጥንት ምሽግ ነገር፣ በር ያለው፣ ማማ ያለው…»

ልትቀጥል ነበር። ዳኘው አላስጨረሳትም።

«ምሽግ? ምሽግ ነው ያልሽኝ? በቃ፣ አለቀ! ለሱማ ነው የተፈጠርኩት!» ብሎ መኪናውን አስነስቶ እብስ አለ። የምን ድራማ እንደሆነ እንኳ አልጠየቀም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳኘው ዛሬ ቻምብሊ ያሉ አፓርታማዎች ውስጥ ሜንተናንስ ይሠራል፤ የተደፈነ ቧንቧ ይከፍታል፣ የተበሳ ግድግዳ ይደፍናል። አሜሪካ ከመግባቱ በፊት ግን አረብ አገር፣ ሙዚየም ሊሆን የተወሰነ አሮጌ ምሽግ ሲጠገን የቀን ሠራተኛ ነበር። ምሽጉን ያሠሩት የጥንት ሼኮች ከባሕር የሚመጣ ጠላት ፈርተው ነው። ጠላቱ ሲጠፋ እስር ቤት አደረጉት። እስረኞቹ ሲወጡ የተምር መጋዘን ሆነ፤ ተምሩም ሲያልቅ ፍየል ሰፈረበት። ፍየሎቹን አስለቅቀው ነው እንግዲህ ለቱሪስት ያሰናዱት። የግድግዳው ውፍረት፣ በዳኘው አፍ፣ ሁለት ግመሎችን ከነአማቶቻቸው ያስተኛል። ጡቡ ጭቃ፣ ጣሪያው የተምር ግንድ ነው። የዳኘው ሥራ ጭቃውን ከጭድ ጋር በእግር ማቡካትና መለሰን ነበር። አገሩ እያለ የስንቱን ቤት መርጓልና እግሩ አላሳፈረውም።

ሙዚየሙ የተከፈተ ሰሞን ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ ሄደ። በር ላይ «ቲኬት» አሉት፤ ቆረጠ። አስጎብኚው ፈረንጆቹን አስከትሎ «ይህ ግድግዳ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት እንደተሠራ ነው፤ የሰው እጅ አልነካውም» ሲል ሰማ። ዳኘው ደሙ ፈላ። የራሱ አውራ ጣት ምልክት የቀረበትን ቦታ ለማሳየት እጁን ሲዘረጋ፣ ዘበኛው «አትንካ!» ብሎ እጁን በጥፊ መታው። ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ ያልፋል። ዳኘው ያቺን ጥፊ ሻንጣው ውስጥ ከትቶ አትላንታ ድረስ ይዟት መጣ። ጉምሩክም አላገኛት።

ስለዚህ ገነባ። ከሥራ እየወጣ በየቀኑ መጣ። የአዳራሹ መድረክ ላይ አጥንቱን በጣውላ፣ ሥጋውን በፕላይዉድ ሠራ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ የጆርጂያን ቀይ አፈር ቆፍሮ፣ በጭድ ፋንታ የታጨደ የግቢ ሣር ጨምሮ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጁን ሚካኤላን ጫማዋን አስወልቆ ጭቃው ውስጥ ከተታት።

«ባባ፣ ይሸታል እኮ!»

«ይሽተት! ታሪክ ሽታ አለው። ርገጪ!»

ግድግዳው ተለሰነ። ጥርስ ጥርስ ያለው አናት ወጣለት። በአንድ ጎኑ ልጅ የሚወጣበት ክብ ማማ ቆመ፤ መስኮትም ተከፈተለት። በትልቁ በር ውስጥ ደግሞ ጎንበስ ካላሉ የማታሳልፍ ትንሽ በር ገባች።

«ከበሩ በላይ ያቺን ቀዳዳ አየሻት? ጠላት በሩን ሲገፋ የፈላ የተምር ማር ይደፉበታል።»

«ማር? ላይክ፣ የሚበላው?»

«የሚበላው።»

«ባባ፣ ትዋሻለህ።»

«በግመሎቹ ዋሽቼ ይሆናል። ይቺ ግን የእግዜር እውነት ናት!»

ልጅቷ ድራማውን ታውቅ ነበር። እሱም የሚያውቅ መስሏት አልነገረችውም።

የልምምዱ ቅዳሜ የድራማው ዳይሬክተር ኤልቃና መጣ። ኤልቃና እዚሁ አድጎ፣ እዚሁ ኮሌጅ ጨርሶ፣ ከሎረንስቪል እየነዳ የሚመጣ ጎረምሳ ነው። ግንቡን ሲያይ «ዋው!» አለ፤ ፎቶ አነሳ፤ ከግንቡ ጋር ራሱን አነሳ። ከዚያ በቡጢ ኳ ኳ አደረገው።

«ጋሼ፣ በጣም ሪል ነው! ባት… እንዴት ነው የሚወድቀው?»

«ምኑ?»

«ግንቡ ነዋ። ልጆቹ ሰባት ጊዜ ይዞሩታል፣ መለከት ይነፋሉ፣ ይጮኻሉ፣ ከዛ ቡም! ኢያሪኮ ነው እኮ፣ ጋሼ።»

ፓርኪንጉ ላይ ያላስጨረሳት የእህት ፍቅርተ ዓረፍተ ነገር ይሄኔ ደረሰችው። ደረሰችና ጆሮ ግንዱን አለችው።

«ስማ፣ ልጄ» አለ ዳኘው። «ይሄ ግንብ መድፍ ችሏል። የባሕር ጨው ችሏል። ፍየል ችሏል! አንተ በፕላስቲክ መለከት ልትጥለው?»

«እኔ አይደለሁም፣ መጽሐፍ ቅዱሱ ነው ያለው።»

«መጽሐፍ ቅዱሱ የረዓብ ቤት ቅጥሩ ላይ ነበረ ይላል። ሁሉም ከወደቀ እሷ በምን ተረፈች? አንብበኸዋል ወይስ ካርቱኑን ነው ያየኸው?»

«ኦኬ፣ ኦኬ። ማማው ይቁም፤ ሚካኤላ ረዓብን ሆና እዛ ናት። ግድግዳው ግን መውደቅ አለበት። እስክሩዎቹን እኔ ሪሙቭ ላድርጋቸው» ብሎ ኤልቃና ድሪሉን ሊያነሳ እጁን ሰደደ።

«አትንካ!»

አንዲት ሕፃን ማልቀስ ጀመረች። ዳኘው ከገዛ አፉ የወጣው የማን ድምፅ እንደሆነ ሲያውቀው ብሶበት መዶሻውን መሬት ላይ ወረወረ።

እህት ፍቅርተ እየሮጠች መጣች። «በኢየሱስ ስም፣ የሚካኤላ አባት! ሳልጨርስልህ እኮ ነው የሄድከው!»

ዳኘው ግንቡን አንድ ዙር ዞሮ አየው።

«እሺ። ይውደቅ። ደጋፊዎቹን በአንድ ገመድ አስራቸዋለሁ፤ ገመዱን ስስበው ግድግዳው መድረኩ ላይ ይደፋል። ግን አንድ ነገር። ከመውደቁ በፊት ማን እንደሠራው ለሕዝቡ ይነገር። በስም።»

«ኦፍ ኮርስ፣ ጋሼ!» አለ ኤልቃና። «በጣም ኢዚ ነው።»

እሑድ አዳራሹ ጢም አለ። ኤልቃና ማይክራፎን ደረቱ ላይ ሰክቶ ወጣና ምስጋናውን አወረደው። እግዚአብሔር ተመሰገነ። ወላጆች ተመሰገኑ። ሳውንድ ሲስተም ያዋሰው ተመሰገነ። ከፕሮግራሙ በኋላ የሚበላውን ፒሳ ስፖንሰር ያደረገውማ ቆሞ እጁን እያወዛወዘ ተጨበጨበለት። ከዚያ ሙዚቃው ጀመረ።

ከግድግዳው ኋላ ዳኘው ገመዱን ክንዱ ላይ እንደጠመጠመ ቀረ። ለፒሳ! ፒሳ ላመጣ ሰው ጭብጨባ! ገመዱን አንዴ ጨምሮ ጠመጠመው።

ትንንሾቹ እስራኤላውያን እየዘመሩ ግንቡን ዞሩት፤ በኋላ በኩል ባለፉ ቁጥርም «ሃይ፣ ጋሼ!» እያሉ ሰላም ይሉታል። ሰባተኛውን ጨርሰው ከመድረኩ ወረዱ። መለከት ተነፋ። ጮኹ። ግንቡ እንደቆመ ቀረ።

«ልጆች፣ በደንብ!» አለ ኤልቃና።

እንደገና ጮኹ፤ አሁን እናቶችም አገዟቸው። ግንቡ ንቅንቅ አላለም።

«እምነት ጎድሎናል ወገኖች!» አሉ ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ። ሳቁ አዳራሹን ሞላው።

ኤልቃና ላብ አጥምቆት ወደ ግንቡ ጀርባ ዞረ። «ጋሼ! ምን ሆነሃል? ሳበው እንጂ!»

«ስሜን።»

«ዋት?»

«ቃል ገብተሃል። ስሜን ጥራና ይወድቃል።»

ኤልቃና አፉን ከፈተ። «ጋሼ… ጋሼ…» ዓይኖቹ ጣሪያ ላይ ፈለጉ፣ ወለሉ ላይ ፈለጉ።

«አታውቀውም» አለ ዳኘው። ቁጣው ከእግሩ ጥፍር ተነስቶ አናቱ ላይ ሲደርስ ይታወቀዋል። «ቅዳሜን ሙሉ ገመድ አምጣ፣ መሰላል ያዝ ስንባባል ውለን፣ ስሜን አታውቀውም!»

«ሁሉም ሰው ጋሼ ሜንተናንስ ነው የሚልህ! አይ ሚን፣ እኔ ስምህ እሱ…»

ማይክራፎኑ ደረቱ ላይ እንደበራ ነበር። «ጋሼ ሜንተናንስ» በአራቱም ስፒከር ወጣ። የሚስቁት መሳቃቸውን አቆሙ። ብዙዎቹ አንገታቸውን ደፉ፤ ኤልቃና ብቻውን አልነበረማ።

ይሄኔ የማማዋ መስኮት ላይ ረዓብ ተነሳች። ፊቷ ቲማቲም መስሏል።

«ዳኘው!» ብላ ሚካኤላ ጮኸች። መለከቶቹ ሁሉ ተደምረው ያን ያህል አልጮኹም። «ስሙ ዳኘው ነው! ዳኘው ጎሹ! የኔ ባባ ነው! ግድግዳውን፣ ጭቃውን፣ በሩን፣ ሁሉንም እሱ ነው የሠራው! ምንድነው ችግራችሁ?!»

ዳኘው ገመዱን ሳበው።

ግንቡ ሲደፋ ስኮትዴል ያለ ውሻ ሁሉ ጮኸ ይባላል። የጆርጂያ ቀይ አቧራ እስከ ሦስተኛው ወንበር የተቀመጠውን ሱፍም ቀሚስም አንድ ቀለም አደረገው። «ኢየሱስ!» ያለችው ፍቅርተ ናት። አቧራው ሲከፈት ማማው ብቻውን ቆሟል፤ ልጅቷ እጇን አጣምራ መስኮቱ ላይ አለች።

ጭብጨባው ቀለጠ። «ጋሽ ዳኘው! ጋሽ ዳኘው!» ተባለ። ትንሽ ሲቆይ ግን ከመተላለፊያው የፒሳ ሽታ መጣና ሕዝቡ ቦርሳውን እያነሳ መነሳት ጀመረ።

ዳኘው ከነአቧራው ፍርስራሹን ረግጦ ወጣ። የኤልቃናን ማይክራፎን ከደረቱ ላይ መንጭቆ ወደ አፉ አስጠጋው።

«ቁጭ በሉ! የት ነው? ማማው ለምን ክብ እንደሆነ ሳያውቅ ከዚህ የሚወጣ ሰው የለም! አባባ፣ እርስዎም ይቀመጡ። አንተ፣ ስልክህን ክተት! መድፍ ክብ ነገር ላይ ሲያርፍ ይንሸራተታል፤ ማዕዘን ካገኘ ግን ይንደዋል። ይሄ አንድ። ሁለተኛ፣ ጭቃው…»

ሰው አንድ በአንድ ተቀመጠ። ፒሳው ቀዘቀዘ። ከፊት ወንበር ኤልቃና በቀይ አቧራ ተለውሶ እጁን ቀስ አድርጎ አወጣ።

«ጋሽ ዳኘው፣ አንድ ጥያቄ…»

«ጥያቄ መጨረሻ ላይ ነው!» አለ ዳኘው፤ ወደ ማማው ዞሮም ቀጠለ።