ዙህራ ያልተረጎመችው ጥያቄ

«ሊትልተን ያለ አንድ ሰውዬ» ይላል መካኒኩ ለገሠ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚጀምረው። ከመኪና ሥር በጀርባው ተኝቶም ይሁን፣ ሰርግ ላይ አፉን ሞልቶም ይሁን፣ ወሬው ወደ ኢንሹራንስ ዞር ካለ ያንን ሰውዬ ከሊትልተን ጎትቶ ሳያመጣው አይቀርም።

«ሊትልተን ያለ አንድ ሰውዬ ፒካፑን ከፍ አድርጎ አሠራት። ጎማዋ ብቻ ደረትህ ጋ ይደርሳል! ኢንሹራንሶቹ አወቁ። በቃ፣ ሰረዙት። የተነካካ መኪና አይወዱም ስልህ። አፍህን ዘግተህ ንዳ!»

መጀመሪያ ላይ ወሬው «አወቁ» ነበር የሚለው። ሲደጋገም «ነገራቸው» ሆነ። ሲከርም ደግሞ «ራሱ ደውሎ ነገራቸው፣ ጅል» ሆነ። የሰውየውን ስም የጠየቀ የለም። ዴንቨር አጠገብ፣ አሮራ ከተማ ውስጥ መሪ የጨበጠ አበሻ ሁሉ ግን ያውቀዋል። ዙህራም እንደ አጎቷ ታውቀዋለች።

ዙህራ ዳውንታውን ዴንቨር፣ አንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። እንግሊዝኛዋን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራትም። መኪናቸው የተጫረባቸው ጠበቆችና ቲኬታቸው የጠፋባቸው ዶክተሮች ሲጮኹባት፣ መልሳ ለመጮህ ስትል ነው የተማረችው። ስለዚህ እንግሊዝኛዋ ጥርስ አለው። እሷም ይህን ታውቃለች፤ እንዳትረሳውም ከሥራ ስትመለስ በሯ ላይ ሰው አይጠፋም። «ዙሂ፣ አንዴ ደውዪልኝ።»

አደዋወሉ የራሱ ወግ አለው። ባንኩም፣ መብራት ኃይሉም፣ ኢንሹራንሱም «ባለቤቱን አቅርቡልን» ነው የሚሉት። የባለቤቱ አፍ እስኪፈታ ማን ይጠብቃል? ስለዚህ ደዋዩ ባለቤቱን ይሆናል። ዙህራ በስልክ ዛሬ ጎረቤቷ ሀይፋ ናት፣ ነገ ሂዳያ። የሁሉንም የልደት ቀን በቃሏ ይዛለች። ይህን ውሸት ነው ብሎ ያሰበ የለም። ውሃ እንደመቅዳት ነው፤ ጉልበት ያለው ለሌለው ይቀዳል።

ከምትቀዳላቸው ሁሉ ግን ታችኛው ፎቅ የሚኖሩት ጋሽ በድሉና ባለቤታቸው እትዬ አበዛሽ ይለያሉ። እነሱ ጴንጤ ናቸው፣ እሷ ሙስሊም። እትዬ አበዛሽ ቤት ክዳኑ ሰማያዊ የሆነ ድስት አለ፤ ከሀላል ሥጋ ቤት የተገዛ ሥጋ ብቻ ይሠራበታል። ማማሰያው እንኳ ለብቻው ነው። ስሙም «የዙሂ ድስት» ነው። አንድ ቀን እንግዳ ሳያውቅ ሊጨልፍበት ሲል እትዬ አበዛሽ እጁን በፎጣ መቱት። የገዛ እናቷም እንዲህ አልተጠነቀቁላት።

ጋሽ በድሉ የሆቴል እንግዳ የሚያመላልስ ሻትል ሹፌር ነበሩ። ስኳር ቀኝ እግራቸውን ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ሲወስደው ቤት ዋሉ። ዕድሜ ልኩን ሲነዳ የኖረ ሰው ቤት ሲውል የሚያሳዝነው ነገር፣ ሶፋ ላይ ተቀምጦም የኋላ ማያ መስተዋት መፈለጉ ነው። በመስኮት እያዩ የጎረቤቱን ሁሉ የመኪና አቋቋም ያርማሉ። «አይ፣ ትንሽ ወደ ግራ! ተወው፣ አበላሸው።»

ያን ጊዜ ነው ለገሠ በግራ እግር የሚረገጥ ነዳጅ መስጫ ፔዳል ኢንተርኔት ላይ ያዘዘው። በገዛ ቤቱ ጋራዥ፣ ከቫናቸው ፍሬን በስተግራ ገጠመላቸው። «ይኸው ጋሼ፣ በስተርጅና ግራ ክንፍ አደረግኩዎት!» አላቸው። ጋሽ በድሉ የቸርቹ ፓርኪንግ ላይ እንደ አዲስ ለማጅ ሲዞሩ ከረሙና አንድ ቀን ሃቫና ጎዳና ላይ ወጡ። ከዚያ በኋላ እትዬ አበዛሽን ሌክውድ፣ አዛውንት ወደሚያስታምሙበት ቤት፣ በየጠዋቱ የሚያደርሷቸው እሳቸው ሆኑ። እትዬ አበዛሽ በሁለት አውቶቡስና በአንድ ባቡር ይሄዱበት የነበረውን መንገድ አሁን መዝሙር ከፍተው፣ ወንበራቸውን አሙቀው ይሄዱት ጀመር።

ቅጠል ሲረግፍ የድሮው ኢንሹራንስ አበቃ፣ ሌላ ማውጣት ግድ ሆነ። ቫኑ በሁለቱም ስም ስለነበረ ዙህራ እትዬ አበዛሽን ሆና ደወለች። እሳቸው ሥራ ላይ ነበሩ። ጋሽ በድሉ አጠገቧ ተቀምጠዋል፣ ሰው ሠራሹ እግራቸው ሶፋው ላይ ተደግፏል። «ልጄ፣ ውሸት ብቻ እንዳይኖርበት» ብለዋታል አስቀድመው፣ እንደሚመርቅ ሰው።

ስልኩ ንግግሩ እንደሚቀዳ ተናገረ። ዙህራ ይህን ከመስማቷ ብዛት እንደ ሰላምታ ነበር የምትቆጥረው። ከዚያ አንዲት ድምፀ ለስላሳ ሴት ቀረበች። ስም፣ አድራሻ፣ ልደት። ዙህራ እንደ ውሃ ፈሰሰችላት። በመጨረሻ ሴትየዋ፣

«መኪናው ላይ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ የተጨመረ ወይም የተቀየረ ነገር አለ?» ብላ ጠየቀች።

ዙህራ ጋሽ በድሉን አየቻቸው። ብትተረጉምላቸው የሚሉትን ታውቀዋለች። «አለ በያት፣ ፔዳል አለ» ነው የሚሉት፤ አልፈው ተርፈውም የለገሠን ሙያ ያመሰግኑላታል። ያኔ የሊትልተኑ ሰውዬ ከነተሰረዘ ፒካፑ መጥቶ ዓይኗ ላይ ተገተረ።

«ምን አለች?» አሉ ጋሽ በድሉ።

«ምንም ጋሼ። መኪናው ደህና ነው ወይ ነው የምትለው።»

«እግዚአብሔር ይመስገን በያት።»

ዙህራ ወደ ስልኩ ተመለሰች። «ምንም የለም» አለች በዚያ ጥርስ ባለው እንግሊዝኛዋ። «ሁሉም ከፋብሪካው እንደወጣ ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ፣ ሚስስ አበዛሽ? ትንሽም ብትሆን?»

«መኪናዬን አላውቀውም ነው የምትዪኝ?»

ሴትየዋ ሳቀች። ዙህራም ሳቀች። ስልኩን ስትዘጋ ጋሽ በድሉ ጭንቅላቷን በመዳፋቸው ዳበስ አድርገው መረቋት። ያን ቀን ምርቃቱ አልከበዳትም። እንዲያውም አንድ ሰው ከገደል እንዳዳነች ነበር የተሰማት።

በክረምቱ፣ በረዶው ቀልጦ መልሶ በተጋገረበት ጠዋት፣ ጋሽ በድሉ እትዬ አበዛሽን አድርሰው ሲመለሱ የሃቫናና የሚሲሲፒ ጎዳናዎች መገናኛ ላይ ቫኑ አልቆም አለ። መብራት ጠብቃ የቆመች አንዲት ትንሽ መኪና ከኋላ መታ። ውስጧ የነበረችው የነርስነት ተማሪ የአንገቷ አጥንት ተሰበረ። ጋሽ በድሉ ነጠላ እግራቸው ላይ ሆነው በሯን ይዘው «ሶሪ ልጄ፣ ሶሪ ልጄ» ሲሉ ነው ፖሊስ የደረሰው።

የኢንሹራንሱ መርማሪ ቫኑ የተጎተተበት ድረስ ሄዶ አየ። ከሁሉ በፊት ያየው ፔዳሏን ነበር።

ከዚያ ደወለ። እትዬ አበዛሽ ስልኩን ጠረጴዛው መሐል አኖሩትና ዙህራን ጠሯት። በሰው ስም ሳይሆን በራሷ፣ በአስተርጓሚነት ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነበር። መርማሪው ጨዋ ነው። ስለ ፔዳሉ ጠየቀ፣ ማን እንደገጠመው ጠየቀ። ለገሠ አስቀድሞ «እኔን አታንሱኝ፣ ፈቃድ የለኝም» ብሎ ስለነበር፣ «አንድ ወዳጅ» አሉ ጋሽ በድሉ። ከዚያ ሰውየው፣ «አንድ ነገር ላሰማችሁ» አለ።

ቤቱ በዙህራ ድምፅ ተሞላ።

ድምፅዋን ከውጭ ሰምታው አታውቅም። እንዲህ የሚፈጥን፣ እንዲህ የሚኮራ አይመስላትም ነበር። *ሁሉም ከፋብሪካው እንደወጣ ነው።* *መኪናዬን አላውቀውም ነው የምትዪኝ?* ከዚያ ሳቁ። ከሁሉም ከሁሉም ሳቁ።

«ይህ የእርስዎ ድምፅ ነው፣ ሚስስ አበዛሽ?» አለ መርማሪው።

መተርጎም ያለባት እሷ ናት። አፏን ከፈተችና ቃላቱን መቁጠር ጀመረች። የእኔ ነው ማለት ሁለት ቃል ነው። በሰው ስም አውርቻለሁ ማለት ነው። ወንጀል ይሁን አይሁን አታውቅም፤ ሥራዋን ያሳጣት አያሳጣት አታውቅም። ይህን ሁሉ ስታመዛዝን እትዬ አበዛሽ ጥያቄውን ሳይተረጎምላቸው ገብቷቸው ኖሯል።

«የስ» አሉ። «ማይ ቮይስ።»

የተቀዳው ድምፅ የእሳቸው እንዳልሆነ ጆሮ ያለው ሰው ሁሉ የሚለየው ነው። በዚያ በኩል ሰውየው «እሺ» አለና ሲጽፍ ተሰማ።

ፍርዱን የነገራቸው በሌላ ቀን ነው፤ የተረጎመችውም ዙህራ ናት፣ አንድ ቃል ሳታስቀር። የተጠየቁትን ስለደበቁ የቫኑን ጉዳት ኩባንያው አይከፍልም። ለተጎዳችው ልጅ ሕግ የሚያስገድደውን ዝቅተኛውን ይከፍላል፣ ከዚያ በላይ የምትጠይቀው ግን በጋሽ በድሉ ላይ ነው። ውሉም ተሰርዟል። የልጅቱ ጠበቃ ደግሞ፣ አንድ እግር ያላቸው ሰው ፈቃድ የሌለው ሰው በገጠመው ፔዳል ይነዳሉ ብሎ ክስ እያዘጋጀ ነበር። ጋሽ በድሉ «በረዶው ነው እንጂ ፔዳሉ አይደለም» ይላሉ። እውነታቸውን ይሆናል። ግን ደብቆ የተገኘን ሰው ማን ያምናል?

ሰውየው ከዘጋ በኋላ ጋሽ በድሉ ወደ እሷ ዞሩ።

«ዙሂ» አሉ። «ያን ቀን፣ ደህና ነው ወይ ነው የምትለው አላልሽኝም?»

«ብዬዎታለሁ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን በያት አልኩሽ እኔ ደግሞ።»

ቢሰድቧት ኖሮ መልስ አታጣም ነበር። ለስድብ መልስ አጥታ አታውቅም።

ሌላ ኢንሹራንስ የሚቀበላቸው አልተገኘም፤ የተገኘውም የሚቻል አልነበረም። ቫኑ እንደተሰበረ ተሸጠ። ጋሽ በድሉ ወደ መስኮታቸው ተመለሱ። አሁን ግን የማንንም አቋቋም አያርሙም፤ ሰው መስመር ላይ ቢቆምም፣ ሁለት ቦታ ይዞ ቢቆምም ዝም ነው። እትዬ አበዛሽ ገና ሳይነጋ በሩን ቀስ አድርገው ዘግተው ወደ አውቶቡሱ ይሄዳሉ። ቀስ አድርገው የሚዘጉት ዙህራ እንዳትነቃ ነው። ዙህራ ግን ያቺን በር ሳትሰማት የነጋ ቀን የለም።

የዙሂ ድስት አልቆመም። ክዳኑ ሰማያዊው ድስት እንደበፊቱ በሯ ላይ ይመጣል፣ እንደበፊቱ የሀላል ሥጋ ነው። አንድ እሑድ ከቸርቻቸው የመጣች ሴት ደረጃው ላይ አግኝታት፣ «እትዬ አበዛሽ ከመዘምራኑ ወረዱ እኮ፣ አሟቸው ነው?» ስትላት ዙህራ ቁልፏን ፍለጋ ቦርሳዋ ውስጥ ጎንበስ አለች። ቁልፏ እጇ ላይ ነበር። እትዬ አበዛሽ ውሸት በአፋቸው ይዘው አይዘምሩም፤ ውሸቱ የማን እንደሆነ ደግሞ ለማንም አይናገሩም።

ልትናገር ወርዳ ታውቃለች። በሩን አንኳኩታ፣ «ጨው አለዎት?» ብላ ተመልሳለች። ምን ብላ ትጀምር? የማያውቁት ነገር የለም። የቀራት አንድ መጠለያ ነበር፣ እሱንም ማታ ማታ እንደ ብርድ ልብስ ወደ ላይ ትስበዋለች፤ እውነቱን ብነግራቸውስ ይሰርዟቸው አልነበር? የሊትልተኑን ሰውዬ ነግሯቸው አልሰረዙትም? በዚያም ገደል፣ በዚህም ገደል። እኔ አንዱን መረጥኩ እንጂ ገደሉን አልቆፈርኩም።

ፀደይ ሲገባ ሰው መልሶ በሯን ማንኳኳት ጀመረ። አሁን አዲስ ሕግ አላት። ስልኩ ጮክ ብሎ ይከፈታል፣ ባለቤቱ አጠገቧ ይቀመጣል፣ እሷም «ስሜ ዙህራ ነው፣ አስተርጓሚ ነኝ» ትላለች። ካልተቀበሉ ይዘጋል። ሰው «ምን ነካት? ኮራች» ይላታል።

አንድ ቅዳሜ ምናሉ የሚባል ሰው መጣ። ፈርጠም ያለ፣ ሳቂታ፣ የኢንሹራንስ ደንበኛ ሆኖ እንደ አዲስ መመዝገብ የፈለገ። መኪናውን ታች፣ ቫኑ ይቆምበት የነበረው ቦታ ላይ አቁሞታል። ጋሽ በድሉ በመስኮታቸው ሲያዩት ዙህራ ከላይ አየቻቸው።

ደወሉ። ስም፣ አድራሻ፣ ልደት። ከዚያ ጥያቄው መጣ። ዙህራ ትንፋሿን ሰብስባ ቃል በቃል ተረጎመችው፤ «መኪናው ላይ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ የተጨመረ ወይም የተቀየረ ነገር አለ ወይ ትላለች።»

«ኧረ ሞልቶ!» አለ ምናሉ። «ከፍ ተደርጋለች፣ ጎማዋ ተቀይሯል፣ ሁሉንም ንገሪያት እህቴ፣ አንድ እንዳታስቀሪ።»

ነገረቻት። ሴትየዋ «አመሰግናለሁ፣ መዝግቤዋለሁ» አለችና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች።

ዙህራ በእጇ ስልኩን ሸፈነች። «የት ነው የምትኖረው አልከኝ?»

«ሊትልተን። ምነው?»

«ለገሠን ታውቀዋለህ? መካኒኩን?»

«ለገሠን! ወዳጄ ነው እንጂ። ያኔ የተሰረዝኩ ጊዜ ለሰው ሁሉ ንገርልኝ ብዬው ነበር፣ እንደኔ እንዳይሆኑ።» ሳቀና ወንበሩ ላይ ተደላደለ። «ሲጠይቁኝ ምንም አልተቀየረም ስላልኩ ነው እኮ የሰረዙኝ።»