የሱሉልታዋና የሰበታዋ ምስክር

የቴሌቪዥኑ ሕዝቅያስ ቡራዩ ወዳለው ቤታችን ሲመጣ ወንድሜ ቦሩ ከተገደለ አራት ወሩ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አሥር ዓመት ሙሉ ወንጀለኛ እያሳደደ፣ ለተጎጂ ቤተሰብ እየተሟገተ ስሙ የተጠራ ሰው ነው። እኔ ግን ሰው ሲያለቅስ ካሜራ የሚያስጠጋን ሰው አላምንም።

ካሜራውን አስጠፋና "ያየ ሰው አለ?" አለኝ። "ስሙን አላወጣም። ከለላ እንዲሰጡት ነው የምወተውተው።"

ያየ ሰውማ አለ። ቦሩን ሲወጉት በዓይኑ አይቶ፣ ከእኔ በቀር ለማንም ያልተነፈሰ። ካልመሰከረ በግድያው የታሰረው ልጅ ሊፈታ ነው። የልጁ ወንድሞች ማንነቱን ካወቁ ደግሞ ውሎ አያድርም።

አጎቴ ኦቦ ያደታ ሕዝቅያስ እንደወጣ ክንዴን ያዙኝ።

"ዱርሲቱ፣ ይሄ ሰው ይሸጥሻል። ለእኔ ንገሪኝ። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ።"

አባታችን ሲሞት ያሳደጉን እሳቸው ናቸው። ቢሆንም ያን ሰሞን ጥላዬንም አላምንም ነበር። ለሕዝቅያስ ደውዬ "ገለቴ ትባላለች፣ ሱሉልታ ወተት ትሸጣለች" አልኩት። ለአጎቴ "ሄመን ትባላለች፣ ሰበታ ፋብሪካ ትሠራለች" አልኳቸው። ሁለቱም ሴቶች በምድር ላይ የሉም። ለአጎቴ መዋሸቴ ግን አሳፈረኝ፤ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

በሳምንቱ እሁድ የታሰረው ልጅ ቤተሰብ ሽማግሌ ላከ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ግቢያችን ገብተው "አካም ጅርቱ" አሉና ቆሙ። እርቁን እሺ ካልተባሉ አይቀመጡም፤ ወጉ ነው። አጎቴ ተጣድፈው ወንበር አወጡ። እኔ "ገለቴ" የሚል ስም እስኪወጣ ነበር የምጠብቀው። በሕዝቅያስ ላይ የማወርደውን ስድብ ሁሉ አዘጋጅቻለሁ።

"ልጄ፣ ደም በእርቅ ይድረቅ" አሉ ትልቁ ሽማግሌ። "ምስክር አለን ማለታችሁን ሰምተናል። የልጁ ወንድሞች ሰበታን ሲያስሱ ነው የከረሙት፤ እንዲህ ያለች ሰው የለችም።"

"ማን የምትባል?"

"ሄመን።"

ወደ አጎቴ ዞርኩ። ወንበሩን በጋቢያቸው ጫፍ እየወለወሉ ነበር። ቀና አላሉም።

ወንበሩን ከእጃቸው ተቀብዬ ወደ ቤት መለስኩት። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ፤ ለቦሩ እንኳ እንዲያ አላለቀስኩም። ከዚያ ለሕዝቅያስ ደወልኩና እውነተኛውን ስም ነገርኩት።