የመንጋጋው ስም

ጥሩሐረግ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ውስጥ ገብታ ለእህል ጎታ የሚሆን አፈር ከጤፍ ጭድ ጋር እየረገጠች ሳለ፣ እንግዳዋ ከነቦርሳዋ አጥሩን አልፋ ገባች።

"እማማ፣ እንዴት ሰነበቱ?"

"እንደምታዪኝ ነኝ። ከደረቁ ላይ ቁሚ፤ የከተማ ጫማ ጭቃዬን ያበላሸዋል።"

ፀደይ ሣቀች። ከአዲስ አበባ የምትመጣ፣ የጥንት አውሬ አጥንት የምታጠና ሴት ናት። አምና ጥሩሐረግ ከገደሉ ሥር ነጭ አፈር ስትቆፍር ድንጋይ የሆነ መንጋጋ ዶማዋ ላይ መጣ፤ የጽጽቃ ሰው ሁሉ ወጥቶ አየው። ተረክባ የወሰደችው ይህችው ፀደይ ነበረች።

"እና የማን ሆኖ ተገኘ?" አላት ካሤ ከመደቡ ላይ። ካሤ የጥሩሐረግ የሟች ባሏ ወንድም ነው። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ነገር ሊናገር መጥቶ፣ እስካሁን ስለ ማሽላው ብቻ ነው ያወራው።

"የሽኮኮ ዘመድ ነው።"

ጥሩሐረግ መርገጧን አቆመች። "ያ ሁሉ መንጋጋ የሽኮኮ? ዓመት ሙሉ ተመራምረሽ ይኼን ነው ያመጣሽልኝ?"

"ጥጃ የሚያክል ሽኮኮ ነበር፣ እማማ። ሰው ሳይፈጠር የኖረ ነው፤ ዘሩ ጠፍቷል። ካሉት ሁሉ ጋር አስተያየነው፣ አምሳያ የለውም። ዘንድሮ በየአገሩ ስንት የጠፋ አውሬ ከመሬት እየወጣ አዲስ ስም ተሰጥቶታል። የኛም ከነሱ ጋር በጽሑፍ ሊወጣ ነው፤ የቀረው ስሙ ብቻ ነው። ያገኙት እርስዎ ስለሆኑ፣ እርስዎ ይሰይሙት ብለናል።"

"ስሙ እስከ የት ይደርሳል?"

"ዓለም ሁሉ ያየዋል። ስልክ ያለው ሰው ሁሉ።"

"ሳውዲም?"

ፀደይ ወደ ካሤ ተመለከተች። ካሤ ጎንበስ ብሎ መሬቱን በበትሩ ጫረ።

"ሳውዲም ይደርሳል፣ እማማ።"

ዮርዳኖስ ከሄደች አራት ዓመት ሆኗታል። የጥሩሐረግ አንድያ ልጅ ናት። ከጅቡቲ ዳርቻ ደውላ "እማ፣ ነገ ባሕሩን እንሻገራለን" አለች፤ ከዚያ ወዲህ ድምፅዋ ጠፋ። አብረው ከሄዱት አንዱ ሳውዲ፣ ጂዛን ከተማ አይቻታለሁ ይላል፤ ሌላው መንገድ ላይ ታማ ቀርታለች ይላል። ጥሩሐረግ ሁለቱንም ውሸታም ብላ አባርራቸዋለች፤ የመጀመሪያውን ግን ሁለተኛ እንዲነግራት መልሳ ጠርታዋለች።

ልጅ ሳለች ጎታው ውስጥ ገብታ ከውስጥ የምትለስነው ዮርዳኖስ ነበረች። እናት ከውጭ፣ ልጅ ከውስጥ ሆነው ሲያወሩ፣ የልጅቱ ድምፅ ከጉድጓድ እንደሚመጣ ይሆን ነበር። አሁን የጥሩሐረግ ጎታ ውስጡ ሸካራ ነው። ገዢዎቿ ሲያጉረመርሙ "እህልህ ሊተኛበት ነው እንጂ አንተ አትተኛበት" ትላቸዋለች።

"ዮርዳኖስ በሉት" አለች።

ስትናገረው ፊቷ በራ። ልጅቱ በሰው አገር ማድ ቤት ስልኳን ስትከፍት ስሟን ከነጽጽቃው ስታይ ታያት።

ካሤ ከመደቡ ተነሣ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። "እግዜር ልብሽን መለሰልሽ፣ እት ጥሩ። እኔም የመጣሁት ለዚሁ ነበር። አዝመራው ሲገባ ተዝካሯን እናውጣላት። ስሟ እንዲህ ከቆመላት ነፍሷም ታርፋለች።"

"ማን ሞተ አሉህ?"

"ታክቶኛል። ሰው አጥሩን በነካ ቁጥር ካንቺ ቀድሜ የምሮጠው እኔ ነኝ። አልቅሰን ይውጣልን።"

"ማልቀስ ካማረህ ያው ማሽላህ፤ አንበጣ እስኪመጣ አትጠብቅ።" ወደ ፀደይ ዞረች። "አንቺ ልጅ፣ ስም ከምታወጡላቸው መካከል በሕይወት የተረፈ አለ?"

"የኛ ሥራ ካለቁት ጋር ነው፣ እማማ።"

"ስሙስ አንዴ ከተጻፈ ይፋቃል?"

"አይፋቅም።"

ፀደይ ከቦርሳዋ የመንጋጋውን ፎቶ አውጥታ አሳየቻት። ጥርሱ ረድፍ ረድፉን ቆሟል፤ ከሥሩ ነጭ ቦታ አለ። ጥሩሐረግ ፊደል አልቆጠረችም፤ ስም የሚገባበትን ባዶ ቦታ ለማወቅ ግን ፊደል አላስፈለጋትም። በጭቃማ ጣቷ ሳትነካው ከላይ ከላይ አመለከተች።

"እዚህ ነው የምታስገቢያት?"

"አዎ።"

እግሯ ላይ ያለው ጭቃ መድረቅ ጀመረ።

"ተይው። ልጄን አጥንት ሥር አላስተኛትም።"

"ስሟ ብቻ እኮ ነው" አለ ካሤ ቀስ ብሎ።

"ከስሟ ሌላ ምን በእጄ አለ?"

ካሤ ተመልሶ መደቡ ላይ ተቀመጠ። ፀደይ "ታዲያ ማን እንበለው?" አለች።

"የኔን ስጡት። ጥሩሐረግ በሉት። እኔ ወደ መሬቱ ቀርቤአለሁ፤ ሽኮኮ ቢጎራበተኝ አይከፋኝም። የእናቷ ስም አይጠፋትም፤ ካየችው ታውቀዋለች።"

"ጥሩ ስም ነው።"

"ጥሩሐረግ ግን አገሩ ሙሉ ነው። ያገኘችው የጽጽቃዋ ጎታ ሠሪ ናት፣ ዛሬም ከቤቷ አለች ብለሽ ጨምሪበት።"

ፀደይ አመነታች። "ያገኘው ሰው ይጠቀሳል፣ እማማ። 'ዛሬም ከቤቷ አለች' የሚል ግን እንዲህ ባለ ጽሑፍ አይገባም።"

"እንግዲያው መንጋጋዬን መልሽ።"

ካሤ ቀና ብሎ አያት። ፀደይ ትንሽ አሰብ አደረገችና ብዕሯን አወጣች፤ ከየት እንደምትጀምር ግን ግራ ገብቷት ብዕሯ ወረቀቱ ላይ ቆመ።

"ከመጨረሻው ጀምሪ" አለቻት ጥሩሐረግ። "አለች የሚለውን መጀመሪያ ጻፊው።"