ሽማግሌዎቹ አልበሙን የሰሙ ዕለት

ጥፋቴ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ቅዳሜ ከሰዓት አዳማ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ሬዲዮ ጣቢያ የአዳዲስ አልበሞች ዳሰሳ አቀርባለሁ፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ናት። የሶረቲን «ቅዳሜ ይሻላል» የተሰኘ አልበም ሦስት ጊዜ ሰምቼ፣ «ከአሥራ ሁለቱ ሦስቱ ዘፈን ናቸው፤ ዘጠኙ ጭብጨባ ናቸው» አልኩ። ሶረቲ ግጥሙንም ዜማውንም ራሷ የምትሠራ፣ እዚሁ ያደገች የአዳማ ልጅ ናት። ከተማው በስስት ነው የሚያያት። ይህን እያወቅሁ አፌን አልያዝኩም።

በማግስቱ አንድ የባጃጅ ሹፌር ድምፄን ለይቶ፣ «በይ ውረጂና እያጨበጨብሽ በእግርሽ ሂጂ» አለኝ። ቴሌግራም ላይ የተባልኩትን እናቴ እንዳታየው ስልኬን ትራስ ሥር እደብቅ ጀመር። የአዲስ አበባ ሐያስያን ግን ወደዱኝ፤ አንዱማ «በመጨረሻ ጆሮ ያላት ሰው ተገኘች» ብሎ ጻፈ። የአዳማ ሰው ይህን ሲያነብ ጭራሽ ባሰበት።

ኡበይደላ ባያኮርፈኝ ኖሮ ይሄ ሁሉ ምንም አልነበረም። ኡበይደላ ከአዳማ በደራ በኩል አሰላ የሚመላለስ ሚኒባስ ይነዳል፤ የኋላ መስታወቱ ላይ የሶረቲ ፎቶ ተለጥፏል። እወደዋለሁ። ሁለት ዓመት ተዋውቀን፣ ከዒድ በኋላ ሽማግሌ ሊልክ ተነጋግረን፣ ቀኑን ስጠብቅ ነው ያ ዳሰሳ የተላለፈው። ስምንት ቀን አልደወለም። በገዛ አፌ ሠርጌን አፈረስኩ አልኩ። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል ብዬ አልበሙን ለአራተኛ ጊዜ ሰማሁት። ዘጠኙ አሁንም ጭብጨባ ነበሩ፤ ምን ላድርግ?

እሑድ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ የግቢያችን በር ተንኳኳ። እናቴ በመጋረጃው አጮልቃ አየችና፣ «ፋዲላ፣ የኡበይደላ ሽማግሌዎች ናቸው!» አለችኝ። ሦስት ነበሩ፦ አጎቱ ሐጂ ደሊል፣ ጎረቤቱ ጋሽ ፈቃዱ፣ ከደራ ድረስ የመጡት የእህል ነጋዴው ኦቦ መርዳሳ። ኡበይደላ ራሱ ነድቶ አምጥቷቸው ደንቡ ስለማይፈቅድለት ውጭ ቀርቷል። እኔ ጓዳ ገብቼ ጆሮዬን አቆምኩ።

ሻይና ሳምቡሳ ቀረበ። ሐጂ ደሊል ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የመጣንበት ጉዳይ ሁለት ነው» አሉ። «ትልቁን ከማንሳታችን በፊት ትንሹን እንጨርስ። ልጃችሁ በሬዲዮ የተናገረችውን ታንሳልን። ልጃችን አዝኗል።»

አባቴ የጨርቅ ነጋዴ ነው። ጨርቁን በእጁ ሳይዳስስ ስለ ጨርቅ አያወራም።

«ሐጂ፣ ዘፈኑን ሰምተውታል?»

«አስተግፊሩላህ! እኔ ዘፈን አልሰማም።»

«ጋሽ ፈቃዱስ?»

«እኔማ ከድሮዎቹ ወዲህ ያሉትን አላውቃቸውም።»

«ኦቦ መርዳሳ?»

«ገበያ ውስጥ ሲጮህ በአጠገቡ አልፌያለሁ።»

አባቴ ሳቀ። «ታዲያ ሽማግሌ ሳይሰማ ይፈርዳል እንዴ? ፋዲላ! ነይ ክፈችው።»

ወጥቼ እጅ ነሳሁና ስልኬን ከስፒከሩ ጋር አገናኘሁ። ሐጂ ደሊል «ለፍርድ ሲባል ብቻ ነው» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ሦስተኛው ዘፈን ላይ ስንደርስ ጋሽ ፈቃዱ ሳምቡሳቸውን አስቀመጡ። «ይቺ ቅድም አልነበረችም?»

«አይደለችም ጋሼ፤ ሌላ ናት።»

«እንግዲያ ልጅቷ እውነቷን ነው!»

«እንዴት ነው እውነቷን?» ኦቦ መርዳሳ ተቆጡ። ቀድሞውኑ በጣታቸው ጉልበታቸውን እየመቱ ነበር። «ሰው ሠርግ ቤት ሄዶ ግጥም ይመረምራል? ይጨፍራል እንጂ! ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺ ስትጨፍሪ አንድ፣ ሁለት እያልሽ ትቆጥሪያለሽ?»

ሻያቸውን ሞላሁላቸው። ትልቅ ሰው ናቸው፤ እንዴት ልከራከራቸው?

ክርክሩ እንደተጋጋለ ሰባተኛው ዘፈን መጣ፤ «ድምፅሽ ይቆራረጣል» የሚለው። ጅዳ ካለች እናቷ ጋር በስልክ የምታወራ ልጅ ታሪክ ነው፤ በዘፈኑ ውስጥ አንድ ጊታር እንጂ ሌላ የለም። ኦቦ መርዳሳ ጉልበታቸውን መምታት አቆሙ። ሐጂ ደሊል ዓይናቸውን ሳይገልጡ እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ። ኩራት ተሰማኝ፤ ዘፈን የማይሰሙትን ሰውዬ እንኳ ያስለቀሰው ከመረጥኳቸው ሦስቱ አንዱ ነበር።

ዘፈኑ ሲያልቅ ጭቅጭቁ ባሰበት። ጋሽ ፈቃዱ ለሦስቱ፣ ኦቦ መርዳሳ ለዘጠኙ ቆሙ፤ አባቴም ገላጋይ ልሁን ብሎ ገባና ሦስተኛ ተከራካሪ ሆነ። ሐጂ ደሊል ብቻ ጢማቸውን በመሐረብ ያደርቁ ነበር። የከሰዓቱ የዐስር ሶላት አዛን ሲሰማ «ሶላት ደረሰ» ብለው ተነሡ። ሁለቱም እየተከራከሩ ተከትለዋቸው ወጡ፤ ኦቦ መርዳሳ ሳምቡሳቸውን እንደያዙ ነበር።

በሩ ተዘጋ።

«ትልቁ ጉዳይስ?» አለች እናቴ።

አባቴ ግንባሩን ያዘ። «ረሱት።»

«ጥራቸዋ!»

«ምን ልበል? ልጄን ሳትጠይቁ ወጣችሁ ልበል? የሴት ልጅ አባት እንዲህ ሲል ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

እውነቱን ነው፤ ነውር ነው። እኔ ግን ነጠላ ጫማዬን እንዳደረግሁ ወደ ውጭ ሮጥኩ።

ሽማግሌዎቹ ሚኒባሱ ውስጥ ገብተው ይጨቃጨቃሉ። ኡበይደላ ውጭ ቆሟል፤ ከስቷል። ሳየው የተናደድኩትን ያህል ናፍቆኝ ነበር።

«ያን ያህል የሚያስኮርፍ ነገር ነው?» አልኩት። «ሦስቱን አመስግኛለሁ እኮ። በተለይ ሰባተኛውን።»

«ሰባተኛውን አልሰማውም። ሲመጣ አዘልለዋለሁ።»

«ምርጡን?»

«ምርጡ እሱ መሆኑን አውቃለሁ» አለ፤ መሬት መሬት እያየ። «አልበሙ የወጣ ሰሞን ደራ ልገባ ስል መጣብኝ። ሙሉ ሰው ጭኜ በእንባ መንገዱ ጠፋኝ። ዳር ይዤ ቆምኩ፤ ተሳፋሪው ምን ሆነ ይላል። ከዚያ ወዲህ በዘጠኙ ነው የምነዳው። እነሱ ናቸው አሰላ የሚያደርሱኝ። አንቺ ደግሞ ጭብጨባ ናቸው አልሽ።»

እናቱ ጅዳ ለሥራ ስትሄድ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። በስልክ ነው ያሳደገችው፤ እዚያው ሞታ እዚያው ተቀበረች። የሐጂ ደሊል እህት ናት። ይህን ሁሉ ከነገረኝ ቆይቷል። እኔ ግን አልበሙን አራት ጊዜ ሰምቼ አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ አላለኝም። ጊታሩን ሳደንቅ ነበር። በጣም አፈርኩ።

«ይቅር በለኝ» አልኩት። «ላስበው ይገባኝ ነበር። የተናገርኩትን ግን አላነሳም፤ ዘጠኙ አሁንም አይጥሙኝም።»

«አታንሺ። በሽማግሌ «ታንሳልን» ያስባልኩት ተናድጄ ነው። ውሸት ተናግረሽ ብታገቢኝ ምን ያደርግልኛል?» ቀና ብሎ አየኝ። «ስምንቱ ቀን ግን ረዘመብኝ። ለመሆኑ አባትሽ ለትልቁ ጉዳይ መቼ ቀጠሩ?»

«አልተጠየቀም።»

«ምን?»

«ሲከራከሩ ረሱት።»

ክው አለ። ሽማግሌዎቹን አየ፣ እኔን አየ፣ ወደ ሚኒባሱ አንድ እርምጃ ተራምዶ ተመለሰ። ሽማግሌ የላከ ወንድ ሽማግሌ አያዝም። አባቴም በረንዳው ላይ ወጥቶ ቆሟል፤ እሱም መናገር አይችልም። ጎረቤቶች በየበራቸው ብቅ ማለት ጀምረዋል። ከዚህ ሁሉ ሰው መሀል ለመናገር የለመደ አፍ ያለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

የሚኒባሱን በር በመዳፌ ደበደብኩት።

«አባቶቼ! ሶላቱ ሲያበቃ ተመለሱ። የመጣችሁበትን ሳትጠይቁ ነው የወጣችሁት!»

ኦቦ መርዳሳ በመስኮቱ ብቅ አሉ። «ስለ ዘፈኑ ነው?»

«ስለ እኔ!»