ዲናሞው ስንት ነው?

አባዬ ያን ጠዋት የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። የመኪናው የኋላ ወንበር ላይ ትራስ ተደግፎ፣ የኦክስጅን ማሽኑ ቱቦ አፍንጫው ላይ እንዳለ፣ በመስኮቱ አየኝና «ዲናሞው ስንት ነው?» አለ።

«አባዬ፣ አውቃለሁ። አንተ ዕረፍ» አልኩት። ምላሴን በቆረጠው። ኮፈኑንም ከሚገባው በላይ አጩኼ ዘጋሁት። የተናደድኩት በእሱ አልነበረም፤ በወንድሜ ነው። ከመሪው ኋላ ተቀምጦ «ለዛሬ እንኳ ሌላ ኤሌክትሪሺያን ቢያየው ምን ነበረበት፤ የአባዬ ትንፋሽ እኮ ነው» ማለቱ ሆዴን አቃጥሎት ነበር።

የባትሪና የመኪና ኤሌክትሪክ ሱቁ የአባዬ ነበር። ሳንባው እምቢ ሲለው ሱቁን ለእኔ፣ አሮጌ መኪናውን ለወንድሜ ሰጠ። ወንድሜ ሱቁ ይከራይ ብሎ ነበር፤ አባዬ «የእሷ እጅ ሥራ ያውቃል» ብሎ ዝም አሰኘው። ከዚያ ወዲህ እኔ አንዲት ሽቦ ባቃጥል ወንድሜ ይሰማል፤ ከሰማም አይረሳም።

አባዬን የቀጠሩት አራት ሰዓት የሚያስነዳ ቦታ ያለ ሆስፒታል ነው። ሐኪሙ ማሽኑ ከአሥር ደቂቃ በላይ እንዳይጠፋ ብሎ አስጠንቅቆናል። ቤት ሲሆን ግድግዳው ላይ ይሰካል፤ መኪና ላይ ግን የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት በሚቀይር ኢንቨርተር ነው የሚሠራው። የድሮው ባትሪ ባለ አርባ አምስት አምፔር ስለነበር አውጥቼ ባለ መቶ ገጠምኩ። በእኛ ሱቅ ደግሞ አዲስ ባትሪ ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ሳይደረግ መኪና ላይ አይወጣም። ስለዚህ ጠዋት ሞተሩ ገና ሲነካ ተነሣ፣ ማሽኑም ያለ ችግር ሠራ፣ ኃይል መለኪያው ቴስተርም የሚያምር ቁጥር አሳየኝ። ደረቴን ነፋሁ። ወንድሜን «አደራ፣ ቀስ ብለህ ንዳ» ብዬ ሸኘሁት። ሰፈሩ በሙሉ ኤሊ እያለ ለሚጠራው ሰው ይህን መንገሬ ነው።

ከሄዱ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆናቸው አንድ የማውቀው ባለ ታክሲ መጣ። አፉ አያርፍም እንጂ ልቡ ደህና ነው። ታክሲው ላይ ትልቅ ድምፅ ማጉያ አስገጥሞ ባትሪው አልችል ብሎታል።

«አለቃ፣ የአውቶቡስም ቢሆን ትልቅ ባትሪ ግጠሚልኝ» አለኝ።

«ባትሪ ማለት በርሜል ነው» አልኩት፣ እንደ ልማዴ እየተመጻደቅሁ። «ዲናሞው ደግሞ በርሜሉን የሚሞላው ቧንቧ ነው። ቧንቧህ ቀጭን ሆኖ በርሜል ብታሳድግ ምን ትጠቀማለህ? ከሚገባው የሚወጣው ከበለጠ ትልቁም ያልቃል፤ ልዩነቱ ዘግይቶ ማለቁ ነው። አንተ ደግሞ ሰልፍ ላይ ቆመህ ነው የምትውለው። ነዳጅ ካልተረገጠ ዲናሞው ግማሹንም አይሰጥህም። መጀመሪያ ዲናሞህ ስንት...»

ይህ የአባዬ የጠዋት ጥያቄ ነው። ክው አልኩ።

«ምን ሆንሽ?» አለ።

ባንኮኒው ላይ የነበረ ካርቶን ገልብጬ መደመር ጀመርኩ። ማሽኑ ከነኢንቨርተሩ ሠላሳ አምፔር ይበላል። መኪናው ራሱ፣ ፋኑና መብራቱ ተጨምሮ፣ አሥራ አምስት። ዲናሞው ሃምሳ አምስት ነው፤ ያውም ሞተሩ ሲሮጥ። እንደ ወንድሜ ሞተሩን ሳያስጮህ ለሚነዳ፣ ቁልቁለት ሲያገኝ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ ለሚንሸራተት ሰው፣ ሠላሳ ቢሰጥም ተመስገን ነው። ቀሪው ከባትሪው ይሄዳል። ሌሊቱን የሞላሁት ባትሪ ጉድለቱን ሸፍኖ ነው ቴስተሩ የሸነገለኝ። እኔ ደግሞ ቀስ ብለህ ንዳ አልኩት። ድንቄም ባለሙያ።

ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ሲነዳ ስልኩን ድምፁን አጥፍቶ የመኪናው መሳቢያ ውስጥ ነው የሚከተው። ይህን እያወቅሁ ሰባት ጊዜ ደወልኩ። ከዚያ አባዬ ጋ ሞከርኩ። ስልኩ ከጀርባዬ፣ እዚያው ሱቁ መደርደሪያ ላይ ጮኸ። ጠዋት መኪናው እስኪዘጋጅ አረፍ ሲል አስቀምጦት ረስቶታል።

ባለ ታክሲው ነገሩን ሲሰማ «በየት በኩል ነው የሄዱት?» አለኝ። ነገርኩት። ፊቱ ተለወጠ። «ድልድዩ እየተጠገነ ነው እኮ። በተራ ነው የሚያሳልፉት፤ እኔ ትናንት አንድ ሰዓት ተኩል ቆሜያለሁ» አለ።

ወንድሜን አውቀዋለሁ። ከቆመ ሞተሩን ያጠፋል፤ ነዳጅ ነዋ። ሁለት የሞሉ ባትሪዎች ታክሲው ላይ ጫንኩና ሱቁን እንኳ በቅጡ ሳልዘጋ ተነሣን።

መንገዱ አላልቅ አለ። ያየሁት ቆሞ ያለ መኪና ሁሉ የእነሱ ይመስለኛል። አሁን ባትሪው ተጋምሷል እላለሁ፣ አሁን ኢንቨርተሩ መጮህ ጀምሯል እላለሁ፣ አሁን ደግሞ ጠፍቷል። አሥር ደቂቃ ስንት ትንፋሽ እንደሚሆን ልቆጥር ሞከርኩና ተውኩት፤ የራሴው ትንፋሽ አጠረኝ።

«አለቃ፣ ፍሬኑም ነዳጁም እኔ ጋ ነው፤ ወለሉን ልትበሺብኝ ነው» አለ ባለ ታክሲው። እግሬን ሳየው እውነቱን ነበር። ደርሼ በሕይወት ላግኘው እንጂ የሱቁን ቁልፍ በሁለት እጄ ለወንድሜ አስረክባለሁ ብዬ ለፈጣሪ ቃል ገባሁ።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ የከባድ መኪና ሰልፍ መንገዱን ዘግቶታል። አንዱን ባትሪ አቅፌ ወርጄ ሮጥኩ። ባለ ታክሲው ሌላውን ተሸክሞ ከኋላዬ እየተራገመ ይከተላል። የእኛን መኪና ከስምንት መኪና በኋላ አገኘሁት። ሞተሩ ጠፍቷል። ወንድሜ ፊት ሄዶ ከመኪና አሳላፊው ጋር ያወራል። የማሽኑም ድምፅ የለም።

የኋላውን በር ከፈትኩ። አባዬ ዓይኑን ጨፍኗል፣ ከንፈሩ ጠቁሯል፣ አንድ እጁ የማሽኑ ማብሪያ ላይ ነው።

«አባዬ» አልኩ።

ዓይኑን ገለጠ። ወንድሜ ወዳለበት አየና ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ከዚያ ሰዓቱን ተመልክቶ ማብሪያውን ተጫነ። ማሽኑ ተነሣ፤ የኢንቨርተሩ መብራት ግን ቀይ ነበር።

«ስምንት ደቂቃ... አየር» አለኝ እየቆራረጠ። «ስምንት ደቂቃ... ዕረፍት። ባትሪውን ላቆየው ብዬ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ማርሽ አውጥቶ... ቁልቁለቱን ከወረደ።»

«ለምን አልነገርከውም? ነዳጅ ርገጥ፣ ሞተሩን አታጥፋ ብትለው እኮ...»

«ለምን ይለኛል» አለ። «ለምን ካለ... ነገሩ አንቺ ጋ ይመጣል።»

ዕንባዬ መጣ፤ ግን ለማልቀስ ጊዜ አልነበረም። ኢንቨርተሩን ከመኪናው ባትሪ ነቅዬ፣ እግሩ ሥር ካስቀመጥኩት ሙሉ ባትሪ ጋር አሰርኩት። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ።

ወንድሜ መጣ። «አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ስልኬን... ረስቼ...» ብሎ ጀመረ አባዬ።

«ተሳስቻለሁ» አልኩ፣ አቋርጬው። «ባትሪውን አሳድጌ ዲናሞውን አላየሁም። ያንተ ቀስ ብሎ መንዳት አይደለም፤ የእኔ ጥፋት ነው። ማሽኑ በዚህ ባትሪ ይሄዳል፤ ሌላም አለ። የመኪናውን ሞተር ግን አስነሣና ሆስፒታል እስክንደርስ አታጥፋው።»

ወንድሜ የአባዬን ከንፈር አየ። ገብቶ ቁልፉን አዞረ፤ ሞተሩ አቃሰተ እንጂ አልተነሣም። ባለ ታክሲው እያለከለከ ደረሰና ሁለተኛውን ባትሪ ከመኪናው ባትሪ ጋር በኤሌክትሪክ ገመድ አገናኘንለት፤ በሦስተኛው ሙከራ ተነሣ።

አባዬ አጠገብ ተቀመጥኩ። ከንፈሩ ቀስ በቀስ ቀለሙ እስኪመለስ እጁን ይዤ ጠበቅሁ። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ።

«ሃምሳ አምስት ነው» አልኩት። «ዲናሞው። ጠዋት ጠይቀኸኝ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ። «እኔ ነኝ የገጠምኩት።»