የባድሩ እግርና የመስኡዳ ሸራ

ሰላም ወረደ በተባለ በመጀመሪያው በልግ፣ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ዝናብ በመጣ ቁጥር ፊቷን የምታጠቁር መስኡዳ ብቻ ነበረች። ገበሬው እጁን ዘርግቶ «አልሐምዱሊላህ» ሲል እሷ ደመናውን በጎሪጥ ታየዋለች። ነገሩ ሌላ አይደለም፤ የልጇ የባድሩ እግር ነው።

ባድሩ ወደ አምባሰል በሚወስደው መንገድ ባለች የገጠር ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራል። ባጃጆቹ ቤንዚን አጥተው በየጥላው ስለቆሙ የሚሄደው በብስክሌት ነው። ለላዩ ጃኬት አለው፤ ለራሱ ኮፍያ አለው። ጭኑና ቅልጥሙ ግን የዝናቡ ናቸው። ክፍል ሲገባ ከሱሪው የሚንጠባጠበው ውሃ ሰሌዳው ሥር ይተኛል፣ ተማሪዎቹ ሳቃቸውን በደብተር ይሸፍናሉ። የእኩለ ቀኑ የዙሁር ሰላት ሲደርስም ጭቃ በለበሰ ሱሪ መስገድ ይከብደዋል። ቅያሪ ይዞ ቢሄድ ቅያሪውም ይረጥባል።

አንድ ቀን እራት ላይ፣ ጉንፋን ባፈነው ድምፅ፣ «እማ፣ እዚያው ትምህርት ቤቱ አጠገብ ክፍል ልከራይ ነው» አላት። «ጁምዓ ጁምዓ እመጣለሁ።»

መስኡዳ ያነሳችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ከባድሩ ሌላ ልጅ የላትም። እሷ ደግሞ ቤት ማለት ማታ በሩን ከውስጥ የሚዘጋ ሰው ሲኖር ነው ብላ የምታምን ሴት ናት።

«አብሽር» አለችው። «እግር የሚያደርቅ ነገር እኮ ከዚህ አገር አይጠፋም። እስኪ ትንሽ ታገሰኝ።»

በማግስቱ ጠዋት ራሷ ላስቲክ ቀድዳ ሁለቱንም እግሩን ጠቀለለችለትና በሲባጎ አሰረችው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ አንደኛው ገና ከከተማው ሳይወጣ ተፈትቶ የብስክሌቱ ካቴና ውስጥ ተጠመጠመ። ባድሩ ብስክሌቱን እየጎተተ ተመለሰ።

ቀጥሎ ከገበያ የላስቲክ ሱሪ ገዛችለት። ይኼኛው ጠብታ አያስገባም። ግን ምንም አያስወጣም፤ ዳገቱን ሲጨርስ ዝናቡ የማረውን ላቡ አበሰበሰው። «እማ፣ እንደ ድንች ተቀቀልሁ» አላት ማታ።

ጎረቤታቸው ፈንታሁን ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ችግሩን ሲሰማ እስከ ጉልበት የሚደርስ የጎማ ቦቱን ይዞ ከተፍ አለ። «ሱሪህን ውስጥ ክተት፤ እኔ ቀኑን ሙሉ ሐይቁ ውስጥ ቆሜ እግሬ አይርስም» ብሎ በማርያም ማለላቸው። እውነቱን ነው፤ ለሱ ውሃው የሚመጣው ከታች ነው። ለብስክሌተኛ ግን ከላይ ነው፤ ጭኑ ላይ የወረደው ዝናብ ሁሉ እየተንቆረቆረ ቦቱ ውስጥ ገባ። ባድሩ ትምህርት ቤት ደርሶ ቦቱን ሲገለብጠው ርእሰ መምህሩ «ዓሣውስ የታል?» አሉት። መስኡዳ ይኼን ስትሰማ ሳቀች፤ ሳቋ ግን አልቆየም። ልጁ በዚያው ዕለት የሚከራየውን ክፍል አይቶ መጥቷል።

መላው የመጣላት ሱሪውን ልታሰጣ ስትል ነው። የፊቱ በኩል ሲጨመቅ ውሃ ይወርደዋል። ኋላውን ብትነካው ግን እንዳለ ደረቅ ነው። አገላብጣ አየችው። ዝናቡ ብስክሌተኛን የሚያገኘው ከፊት ነዋ! እንግዲያው ከፊት መሸፈን፣ ከኋላ ደግሞ ለነፋስ መተው። ሱሪውን እንደያዘች ወደ ልብስ ሰፊው ሱሩር ሮጠች።

«ይሆናል» አላት ሱሩር ጥቂት አሰብ አድርጎ። «ከቀበቶው ተንጠልጥሎ ጭኑንና ቅልጥሙን የሚከልል፣ ጫማውም ላይ የሚወርድ፣ ከኋላው በላስቲክ የሚያዝ። ግን ላስቲክ ይቀደዳል፣ ጨርቅ ያስገባል። ለዚህስ ያ በስደት የታደልነው ሸራ ነበር። እቴ መስኡዳ፣ ያንቺ የታለ?»

«የለም» አለች መስኡዳ።

ዋሸች። ከስደት ሲመለስ ሰው ሁሉ ሸራውን እህል ማስጫ፣ በረት ማልበሻ አድርጎታል። የእሷ ግን አልጋዋ ሥር፣ በገመድ ታስሮ፣ የተመለሱ ዕለት እንደተቀመጠ ነው። ተኩስ ከሰሜን በኩል ተሰምቶ በለበሱት ልብስ ብቻ የወጡበትን ቀን አልረሳችውም። ደብረ ብርሃን ላይ ሸራው እስኪታደል ድረስ በዚያ ብርድ ሜዳ ላይ አድረዋል። ስለዚህ የሰላሙን ወሬ ከሰው ጋር ሆና «አሚን» ትላለች፣ ቤቷ ስትገባ ደግሞ ሸራው መኖሩን ጎንበስ ብላ ታያለች። የፈሩት ይደርሳል ባይ ናት።

ያን ቀን ጎትታ አወጣችውና ፈታችው። ጥጉ ላይ ያኔ ባድሩ በሽቦ የሰፋው ቀዳዳ አለ። ነፋሱ በዚያ በኩል ይገባ ነበርና ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ጀርባውን ለቀዳዳው ሰጥቶ ነበር የሚተኛው፤ እሷ እንዳይበርዳት። መስኡዳ ሽቦውን በጣቷ እየዳሰሰች ተቀመጠች፣ እንባዋም መጣ። ለካ ያሞቃት ሸራው አልነበረም። ያሞቃትን ልጅ ለሰው ክፍል ልትሰጥ፣ እሷ እቤቷ ሸራ አቅፋ ልትጠብቅ ነው!

ሸራውን ተሸክማ ተመለሰች። ሱሩር አየውና እንዳላየ ሆነ፤ የወሎ ሰው ነውር መሸፈን ያውቃል።

«ቢስሚላህ በልና ቁረጠው» አለችው።

መቀሱ ሲገባበት ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጥ ሸራው ሸራ መሆኑ ቀርቶ ሁለት ረጃጅም እግሮች ወጥተውታል። ሱሩር የተረፈውን አጣጥፎ «ይኼን ለክፉ ቀን ታስቀምጪዋለሽ» ብሎ ዘረጋላት።

መስኡዳ እጇን አልዘረጋችም። «ለፈንታሁን ስጥልኝ፣ መረቡን ይሸፍንበት። እኛ ወዴትም አንሄድም።»

በማግስቱ ባድሩ ገና በጨለማ ታጥቆት ወጣ፤ ዝናቡም የልቡን አደረሰ። ማታ ባድሩ ግቢ ሲገባ ሰላምታውን እንኳ ሳትመልስ ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ዳበሰች። ደረቅ ነው። ጭኑን ዳበሰች፤ ደረቅ ነው።

«እማ፣ ይኼ ሸራ ያ...» ብሎ ጥጉ ላይ ያለውን ሽቦ ዳሰሰው።

«አዎ፣ እሱ ነው። ክፍሉንስ?»

«የምን ክፍል?» አላት።

ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረ። ባድሩ ብስክሌቱን ወደ ውስጥ አስገባና በሩን ከውስጥ ዘጋው።