የገመዱ ጫፍ

በሂርታ ደሴት ገመድ የሌለው ቤት የሰው እጅ ያያል። የምንበላው የባሕር ወፍና እንቁላል ነው፤ ገደሉ ደግሞ ያለ ገመድ አይወረድም። አባቴን በብርዱ ወራት ሳል አልጋ ላይ ጣለው፤ ሳይነሣ ሞተ። ዛሬ ጠዋት ወንዶቹ እንደ ልማዳቸው መንገድ ላይ ቆመው መከሩና፣ «ወንድ ልጅ ስለሌለው ገመዱ ለወንድሙ ለፊንሌ ይሰጥ» አሉ።

እናቴ፣ «ስጫቸው ልጄ፣ ከዘመድ አታቆራርጪኝ» አለችኝ።

«ለምኜ አልበላም!» አልኳት። ገመዱን ከግድግዳው አውርጄ ትከሻዬ ላይ ጠመጠምኩና ኮረብታውን ተሻገርኩ።

ከኮረብታው ማዶ፣ ሸለቆው ውስጥ፣ የጀግናዋ ሴት ቤት የሚባል አለ። ግማሹ ፈርሷል፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ የተሠራ ነው፣ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። እዚያ ቁጭ ብዬ የቀቀልኩትን እንቁላል በላሁ። ወንዶቹ እሳት ዳር የእሷን ታሪክ አውርተው አይጠግቡም፤ አዳኝ ነበረች፣ ጦረኛ ነበረች ይላሉ። ማን ፈቀደላት ብሎ የጠየቀ ግን ሰምቼ አላውቅም። ይኼን ሳስብ ደሜ ፈላ። ተነሥቼ ወደ ገደሉ ሄድኩ።

ወንዶቹ እንቁላል ሊለቅሙ እዚያ ነበሩ። አጎቴ ፊንሌ ገና ከሩቅ ሲያየኝ፣ «ጎሽ! ራስሽ አመጣሽልኝ» አለ።

አልፌው ሄድኩ። ቀጥ ብዬ የሙሽሮች ድንጋይ ላይ ወጣሁ። ከገደሉ አፍ ወደ ባሕሩ የተንጠለጠለ ድንጋይ ነው፤ ጎረምሳ በአንድ ተረከዙ ቆሞ፣ ሌላውን እግሩን ወደ ባዶው ዘርግቶ፣ ጎንበስ ብሎ የዘረጋውን እግር ጣት ካልነካ፣ ሚስት ማብላት አይችልም ተብሎ ሴት ልጁን የሚድርለት የለም።

«ኧረ ሞራግ ሚስት ልታገባ ነው!» አለ አንዱ። ተንከተከቱ።

«እናቴን ላበላ ነው!» አልኩ።

በተረከዜ ቆምኩ። ነፋሱ ቀሚሴን ይጎትታል፤ ከታች ወፎቹ ይንጫጫሉ። ፈራሁ፣ አዎ፣ በጣም ፈራሁ። ግን ጎንበስ ብዬ የእግሬን ጣት ነካሁ። ቀና ስል የሚስቅ አልነበረም።

«እብድ!» አለ አጎቴ፣ ፊቱ አመድ መስሎ። «በይ አሁን ገመዱን አምጪ!»

አንዱን ጫፍ ወገቤ ላይ አጥብቄ አሰርኩና ሌላውን ወረወርኩለት።

«እንካ አጎቴ። አደራህን፣ አጥብቀህ ያዝ።»

ገመዱን አየ፤ እኔን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወገቡ ላይ ጠመጠመውና ተረከዙን መሬት ላይ ተከለ።

«ወደ ግራሽ በይ» አለኝ፤ «በቀኝ ያለው ድንጋይ ይናዳል።»

«አባቴ አሳይቶኛል» አልኩትና ወረድኩ።